ግማሽ ፀጉር

እሑድ ማታ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017

ዝናቡ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አላባራም። መብራት የለም። ስልኬ 31 ፐርሰንት ቀርቶታል፤ ቆጠብ እያደረግኩ ነው የምጽፈው። ለምን እንደደበረኝ በቅጡ አላውቅም። ሐምሌ ለብቻው ይበቃ ይሆናል። ቱሉ ዲምቱን በሐምሌ ያላየ ሰው ጭቃ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል።

ፀጉሬን ልቆረጥ ነበር የወጣሁት። ከብሎካችን ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ፀጉር ቤት፣ የአርሰናል ደጋፊው ልጅ ጋ። እሑድ እሑድ እዚያ ቤት አንድ ሰው ይቆረጣል፣ ስድስት ሰው ይከራከራል። ዛሬ የሚቆረጠው እኔ ነበርኩ።

አጀንዳው ማዱዌኬ ነው፣ የክንፍ ተጫዋቹ። አርሰናል ዓርብ ዕለት ከቼልሲ አስፈርሞታል። ዋጋው ከ48 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ። ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል።

"ጋሼ፣ ጨረሱን እኮ!" አለኝ ልጁ፣ ማሽኑን ጆሮዬ ጋ እንዳንጠለጠለ። (ጋሼ መባል ስለጀመርኩበት ቀን ሌላ ጊዜ ለብቻው እጽፋለሁ።) "ሳካ ያለበት ቦታ ላይ ሌላ ግራ እግር! እኛ የቸገረን አጥቂ። ዮኬሬሽን ዛሬ ነገ እያሉ ጨጓራችንን ላጡት። ከዚያ ሄደው ማንን ያመጣሉ? የቼልሲን ትራፊ።"

ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አርሰናል በፈረንጆቹ 2004 ሊጉን ሲያነሳ አልተወለደም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ሲወጣ ግን አንድ ጨዋታ ሳያመልጠው አይቷል። ለሴት ልጅ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ዘመድ ተሰብስቦ ጸበል ይወስደው ነበር።

ጥግ አግዳሚው ላይ አንድ የቼልሲ ልጅ ነበር። አይቆረጥም፤ ሊያበሽቅ ብቻ ነው የመጣው። "እኛ ባለፈው እሑድ ፒኤስጂን 3 ለ 0 ገርፈን የክለቦች የዓለም ሻምፒዮን ሆነናል" አለ። "ማዱዌኬ ለፍጻሜው እንኳ አላስፈለገንም። ቀድመን ሸኘነው። ውሰዱት፣ ተባረኩበት።"

ፀጉር ቆራጬ ከቼልሲ ወደ እኛ የመጡትን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ቼክ። ሉዊዝ። ዊሊያን። ጆርጂኞ። ሃቨርትዝ። ስተርሊንግ። በዚህ ክረምት ደግሞ ኬፓ። ጣቱ አለቀበትና የያዘውን ማሽን በግራ እጁ ቀየረ። "ሰልባጅ ተራ ሆንን!" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም።

ለነገሩ "አስፈረምን፣ ገዛን፣ ተበላን" የሚለው አነጋገር ሁሌም ይገርመኛል። አዋጥተን የገዛነው ይመስል። የብሎካችን የውኃ ፓምፕ ሲቃጠል "እኛ" የሚል አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ወር በጀሪካን ተመላልሰናል። ለንደን ላለ ክለብ ግን "እኛ" እንላለን። እኔም እላለሁ። ፓምፑ ጊዜ ግን ዝም ብያለሁ።

ከዚያ ልጁ ስልኩን አወጣ። ደጋፊዎች ዝውውሩን በመቃወም ፊርማ አሰባስበዋል፣ ሺዎች ፈርመዋል። እሱም ፈርሟል። ከቱሉ ዲምቱ፣ የሃያ ብር ዳታ ሞልቶ፣ "እንዳይፈርም" ብሎ ፈረመ። ሰውየው ግን ፈረመ።

መብራት የጠፋው ይሄኔ ነው። ማሽኑ ጸጥ አለ። ቀኝ ጎኔ አልቋል፣ ግራው ገና ነው። "ጋሼ፣ ትንሽ ታገሰኝ፣ ይመጣል" አለኝ። ተቀመጥኩ። ክርክሩ በጨለማም ቀጠለ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር የለም። "ፊርማ" የምትለዋ ቃል ይዛኝ ሄደች።

ፀጉሬን የምቆረጠው ለጉርድ ፎቶ ነበር። ፎቶው ለእድር ነው። የሚቀጥለው እሑድ መዝገብ ላይ እፈርማለሁ።

እድሩ የኮንዶሚኒየሙ አይደለም። ከእኛ በፊት እዚህ የነበሩት ሰዎች እድር ነው። ስብሰባው ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው፤ ቅጣት ሲነበብ ግን በሁለቱም ይነበባል። ባለፈው ወር የእኔ ጉዳይ ቀረበ። ደጅ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ሁሉም ይሰማኛል። አንድ ሽማግሌ ተነሱ።

"የኮንዶሚኒየም ሰው ወፍ ነው" አሉ። "ዛሬ አለ፣ ነገ ቤቱን አከራይቶ ይበራል። ድንኳኑን የገዛነው እኛ። ወንበሩን የገዛነው እኛ። ይሄ ሰው እስከ ዛሬ የማንን ሬሳ ተሸከመ?"

እውነታቸውን ነው። የማንንም አልተሸከምኩም። ሌላ ሰው ደግሞ "እንዲህ ያለው ሲቸግረው ነው የሚመጣው" አለ። እሱም ልክ ነው።

ያዳኑኝ የታችኛው ፎቅ እትዬ ናቸው። ብዙ አልተናገሩም። "እናቱ አሉ እኮ" አሉ። "ትልቅ ሰው ናቸው።" ከዚያ ጸጥታ። ሁሉም ገባው። ዳኛው መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ ሲያደርጉ ወረቀቱ ይሰማኝ ነበር። ተቀበሉኝ። መግቢያ 4,000 ብር፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ለስድስት ወር ድምፅ የለኝም።

ማዱዌኬን ለማስፈረም 48 ሚሊዮን ተከፈለ። እኔን ለማስፈረም እኔው ከፈልኩ፣ ያውም በሁለት ዙር ይሁንልኝ ብዬ ለምኜ። ክለቦችም በዙር በዙር ነው የሚከፍሉት አሉ፤ በዚህ ተጽናናሁ።

ችግሩ ይሄ አይደለም። ችግሩ እማዬ አታውቅም።

እማዬ የካዛንቺስ እድሯ ውስጥ አርባ ዓመት አልፏታል። ሰፈሩ ፈርሷል፣ እድሩ ግን አልፈረሰም። አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ እኛ ጋ ተበትኖ በወር አንዴ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይገናኛል። ሁለት ታክሲ ቀይራ ትሄዳለች። ጉልበቷን እያመማት ትሄዳለች። ቀርታ አታውቅም። አንድም የቅጣት ብር የለባትም፣ ይሄንን እንደ ዋንጫ ነው የምታወራው።

መጋቢት ላይ አንዲት የድሮ ጎረቤታችን አራብሳ አረፉ። እማዬን ይዤ ሄድኩ። ከድሮው እድር የደረሰው አስራ አንድ ሰው ነበር። ድንኳን የጫነው አይሱዙ መንገድ ላይ ተበላሽቶ በማግስቱ ነው የመጣው። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ስንመለስ እማዬ በመስኮት እያየች ምንም አልተናገረችም። እኔ ግን ቆጥሬያለሁ። አስራ አንድ።

በሳምንቱ የታችኛው ፎቅ እትዬን በር አንኳኳሁ።

ዛሬ በጨለማ፣ አንገቴ ላይ ጨርቅ ታስሮልኝ ቁጭ ብዬ ትዝ ያለኝ ተከላካዩ ሶል ካምቤል ነው። በፈረንጆቹ 2001 የቶተንሃም ውሉ አለቀና በነጻ ወደ አርሰናል መጣ። ከጎረቤት ወደ ጎረቤት። የቶተንሃም ሰዎች ይሁዳ አሉት። በሄደ በተመለሰ ቁጥር ሰደቡት። እኛ ካዛንቺስ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተደራርበን ጮቤ ረገጥን። በ2004 ሊጉን ያረጋገጥነው ደግሞ እዚያው ቶተንሃም ሜዳ ላይ ነው፤ 2 ለ 2 ወጥተን፣ ካምቤልም ተሰልፎ። የዚያን ቀን እንዴት እንደጮኽኩ! ድምፄ ተዘግቶ እማዬ ዝንጅብል አፍልታልኛለች። ስለ ቶተንሃም ደጋፊ አንዲት ደቂቃ አላሰብኩም። ለምን ላስብ?

ዛሬ አሰብኩ። አርባ ዓመት ሙሉ እዚያው ስታዲየም ተመላልሶ "የእኛ ልጅ" ሲል የኖረ አንድ ሽማግሌ ይኖራል አይደል? ልጁ መንገድ ተሻግሮ ሌላ ማሊያ ለብሶ ፎቶ ሲነሳ ያየ።

እሺ፣ ካምቤል ዋንጫ ፈልጎ ሄደ። እኔ ድንኳን ፈልጌ ነው። ግን ይሄንን እንዴት አድርጌ ነው ለእሷ የምነግራት? "እማዬ፣ እዚህ ሰፈር እድር ገብቼልሻለሁ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ለዓመት በዓል በግ ገዝቼልሻለሁ እንደማለት አይደለም። ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ጡሩምባ ነፊው በበራችን ሲያልፍ ስሜን ይጠራል፣ ያኔ ከሌላ ሰው ትሰማለች። ያ ይብሳል። ወይስ ሁለቱንም እየከፈልን እንቀጥል? ሁለት ክለብ የሚደግፍ ሰው ግን ፀጉር ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

ደግሞ ሽማግሌው የተናገሩት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የማንን ሬሳ ተሸከመ። ሐሙስ ዕለት ከላይኛው መንገድ አንድ ቀብር ሲያልፍ አየሁ። የእድሩ ሰዎች ነበሩ። ገና አልፈረምኩም ብዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ገና አልፈረምኩም! እንደ ተጫዋች። ሜዲካል የሚሉትን የጤና ምርመራ ያልጨረስኩ ይመስል።

መብራቱ አልመጣም። አንድ ሰዓት ጠብቄ ኮፍያ ተውሼ ወጣሁ። ልጁ ገንዘብ አልቀበልም አለ፣ "ግማሽ ሥራ ነው" ብሎ። ግማሹን ሰጠሁት። ስወጣ እየተጨቃጨቁ ነበር፤ የቼልሲው ልጅ "በጥቅምት ስሙን ትዘፍኑለታላችሁ" ይላል፣ የእኛው ልጅ "ምላሴ ይቆረጥ" ይላል። ሃቨርትዝ ሲመጣም እንዲሁ ብሎ ነበር። ምላሱ አሁንም አለ።

አሁን እማዬ ከዚያኛው ክፍል ጠራችኝ። ሻማ ልታቀብለኝ ነው። አየችኝ።

"ቤት ውስጥ ምን ሆነህ ነው ኮፍያ የደፋኸው?"

"በረደኝ" አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። "ጉንፋን ከሆነ ዝንጅብል አለ" አለች።

ዝንጅብሉን ጠጥቻለሁ። 19 ፐርሰንት ቀርቶኛል። ፎቶውን እስከ ረቡዕ ለጸሐፊው ማድረስ አለብኝ፣ ልጁ ነገ አይከፍትም፣ መብራቱን ደግሞ ተዉት። ጉርድ ፎቶ በጎን ይነሳል እንዴ?