ጉዝቤሪና መቀስ፦ የአራተኛ ዓመት ማስታወሻ

ዘንድሮ ከሁለት የጉዝቤሪ ቁጥቋጦ 7 ኪሎ ፍሬ ለቀምኩ። አላምን ብዬ ሁለት ጊዜ መዘንኩት። ካቻምና ከእነዚሁ ከሁለቱ ያገኘሁት አንድ ብርጭቆ አይሞላም ነበር። ቦታቸውን አላዛወርኩም፣ ማዳበሪያም አልጨመርኩም። የቀየርኩት መቀሱን የማሳርፍበትን ቦታ ብቻ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ራሱ በስህተት ነው። መጀመሪያ «ጉዝቤሪ ነው» ተብሎ የተሰጠኝን ዘር ዘርቼ በጉጉት ስጠብቅ፣ የበቀለው ለስላሳ ጸጉራም ቅጠል ያለው፣ ብርቱካንማ ፍሬውን እንደ ፋኖስ በስስ ልባስ የሚሸፍን ተክል ሆነ። እኛ የፈረንጅ አውጥ የምንለው ማለት ነው። ከጉዝቤሪ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱ የቲማቲምና የድንች ዘመድ ሲሆን ጉዝቤሪ ደግሞ እሾሃም ቁጥቋጦ፣ ትናንሽ ፍሬ በዘለላ የሚያፈራው የከረንት ተክል ወንድም ነው። ቢሆንም አልተቆጨሁም። በተዘራበት ዓመት ያፈራል፣ ጣዕሙም ግሩም ነው። አረንጓዴውን ጥሬ ፍሬ ግን አትቅመሱ፤ ሆድ ያውካል። ልባሱ ደርቆ ገለባ ሲመስልና ፍሬው ራሱ መሬት ሲወድቅ ነው የሚለቀመው። ከነልባሱ ደረቅ ቦታ ካስቀመጣችሁት ሳምንታት ይቆያል። እውነተኛው ጉዝቤሪ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት የብርድ ወቅት ይፈልጋል፤ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት የሆነ ቦታ ያላችሁ ሰዎች ከሱ ጋር ከምትታገሉ የፈረንጅ አውጡን ብትይዙ ይሻላችኋል።

አሁን ወደ መቀሱ። እውነተኛውን ጉዝቤሪ ከተከልኩ በኋላ በመጀመሪያው የብርድ ወቅት «ያረጀው ቅርንጫፍ ይውጣ፣ አዲሱ ያፈራል» ብዬ ጠቆር ጠቆር ያለውን ሁሉ ቆረጥኩት። የቀረውን አዲስ ቀንበጥ ደግሞ እንደ አጥር ጫፍ ጫፉን አስተካከልኩት። እንዴት ያምር ነበር! በዚያው ቀን፣ እጄ ከገባ አይቀር ብዬ፣ ለስላሳ ትናንሽ ፍሬ የሚሰጠውን የራዝቤሪ ተክሌንም ዘንግ በሙሉ ከመሬት እኩል አጨድኩት። በቀጣዩ ዓመት ቅጠል በቅጠል ሆንኩ።

ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እያንዳንዱ ተክል ፍሬውን የሚያወጣበት እንጨት ዕድሜ የተለያየ መሆኑ ነው። ጉዝቤሪ የሚያፈራው ሁለትና ሦስት ዓመት በሞላው ቅርንጫፍ ላይ ባሉ አጫጭር ዘንጎችና በአምናው ቀንበጥ የታችኛው ክፍል ላይ ነው፤ እኔ የጣልኩት እሱኑ ነበር። ራዝቤሪ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው በበጋው ሙቀት የሚደርሰው ሲሆን፣ ዘንጉ አንድ ዓመት ያድግና በሁለተኛው ዓመት አፍርቶ ይሞታል፤ ስለዚህ የሚቆረጠው ያፈራው ብቻ ነው። ሁለተኛው ዘግየት ብሎ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል የሚደርሰው ነው። እሱ በዚያው ዓመት በበቀለው ዘንግ ላይ ስለሚያፈራ፣ በብርድ ወቅት ሁሉንም ብታጭዱት ምንም አይጎዳም። የኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ችግኝ ስትገዙ ከቀለሙና ከጣዕሙ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ጉዝቤሪውን የምይዘው እንዲህ ነው። ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አንድ ባዶ ግንድ፣ ከዚያ በላይ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዋና ቅርንጫፍ፣ መሀሉ እንደ ጽዋ የተከፈተ። ቅጠሉ በረገፈበት ጊዜ የጎን ቀንበጦቹን ሁለት ሦስት እምቡጥ አስቀርቼ አሳጥራለሁ፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ያረጀ ዋና ቅርንጫፍ አውጥቼ በምትኩ አዲስ አሳድጋለሁ። መሀሉን መክፈት ለውበት እንዳይመስላችሁ። አየር ካልዞረበት ቅጠሉና ፍሬው ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ሻጋታ ይወጣል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም ቀንበጡን ለስላሳ ስለሚያደርገው ያንኑ ሻጋታ ይጋብዛል። ሌላው ምክንያት የገዛ እጄ ነው፤ እሾሁን የማያውቅ ሰው ይሄንን አይረዳም። የቆዳ ጓንት አድርጌም እንኳ ከልቀማ ስመለስ ከድመት ጋር የተደባደብኩ እመስላለሁ።

አምና ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። ዓርብ ዕለት ለምለም የነበረው አንደኛው ቁጥቋጦ ማክሰኞ የቅጠሉ ጅማት ብቻ ቀርቶ አገኘሁት። አረንጓዴ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው፣ አባጨጓሬ የሚመስሉ ትሎች ናቸው የጨረሱት። የሚጀምሩት ከመሀልና ከታች ስለሆነ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ያታልላል። ስለዚህ ዘንድሮ ቅጠል ማውጣት ከጀመረ ወዲህ በየሦስት ቀኑ ተንበርክኬ የታችኛውን ቅጠል ገልብጬ አየሁ፤ በጅማቱ ላይ ተሰልፎ የተጣበቀ ነጣ ያለ ዕንቁላል ካገኘሁ ቅጠሉን ቀንጥሼ አስወግዳለሁ። መርጨት አላስፈለገኝም።

ልቀማውን ሁለት ዙር አድርጌዋለሁ፤ ከዘንድሮው ሥራ ሁሉ የወደድኩት ይሄንን ነው። ፍሬው ገና ጠንካራና ኮምጣጣ ሳለ አንዱን እየዘለልኩ አንዱን ለቀምኩ። የቀረው ቦታ አግኝቶ አበጠ፣ ቀላ፣ ጣፈጠ፤ እሱን ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ቆሜ በላሁት። የመጀመሪያው ዙር ለማርማላታ ነው፤ ጥሬው ፔክቲን ስለሚበዛው ሌላ ማርጊያ ሳይጨመርበት ይረጋል። ማርማላታ ለምትሠሩ፦ ስኳሩን አትቸኩሉበት። ቆዳው በጥቂት ውሃ በደንብ ሳይለሰልስ ስኳር ከገባ እንደ ጎማ ይጠነክራል፤ የመጀመሪያው ድስቴ እንደዚያ ሆኖ ቀረ። ጭራና አናቱን እየቀነጠሱ መዋል የሚያሰለቸው ሰው ደግሞ ፍሬውን ትሪ ላይ ዘርግቶ ፍሪዘር ያስገባው፤ ከደረቀ በኋላ በእጅ ሲታሽ ራሱ ይረግፋል።

ስትሮቤሪው ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ገለባ ጎዘጎዝኩለት፣ መረብ አለበስኩት፣ ወፎቹ ግን ድርሻቸውን ወሰዱ። ከተለቀመ በኋላ ስለማይጣፍጥ ሙሉ በሙሉ ሳይቀላ አትንኩት። ራዝቤሪም መብሰሉን ራሱ ይናገራል፤ ሳብ ስታደርጉት ነጩን እምብርቱን ተክሉ ላይ ትቶ ከወጣ ደርሷል፣ እንቢ ካለ ተዉት።

ባለፈው የብርድ ወቅት ከጉዝቤሪው 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ አምስት ቁራጮች ወስጄ፣ የታችኛውን እምቡጥ ፍቄ፣ ግማሽ ድረስ አፈር ውስጥ ቀብሬያቸው ነበር። ሁለቱ ደረቁ። ሦስቱ ይዘዋል፣ አንዱማ አሥራ አንድ ቅጠል አውጥቷል። በሚቀጥለው የብርድ ወቅት ወደ ቋሚ ቦታቸው አዛውራቸዋለሁ፣ በመካከላቸው 1.5 ሜትር እሰጣቸዋለሁ። መቀሱን ግን እስከዚያ አላሳያቸውም።