አባዬ 20 ዓመት ያላያት ጅቡቲ

እኛ ቤት ጅቡቲ ማለት ሀገር አልነበረችም፣ አባዬ ሚሄድበት ቦታ ነበረች። በ1990 የአሰብ መንገድ ሲዘጋ እሱም እንደ ሌላው ሹፌር መኪናውን ወደ ጅቡቲ አዞረና ከዛ በኋላ ወደ 20 ዓመት ገደማ አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ዲኪል፣ ፒኬ 12 ሲል ኖረ። ስለ ጅቡቲ ስንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው ሚያወራው፣ ሙቀቱንና ወረፋውን። ባህሩስ ስንለው «ክሬን ነው ያየሁት» ይላል። ታህሳስ ላይ ከሁለት የስራ ጓደኞቼ ጋ ለሽርሽር ጅቡቲ ልሄድ ነው ስለው ቡናውን አስቀምጦ አየኝ፣ «ሰው ገንዘብ ከፍሎ እዛ ይሄዳል?» አለኝ።

ከአዳማ በባቡር ነው የሄድነው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ነጋድ ጣቢያ ስንወርድ እኔ የጠበኩት እሳት አልነበረም፣ ታህሳስ ስለሆነ እንደ ድሬዳዋ ማታ ነገር ነው። (ሐምሌ ላይ ሚሄድ ሰው ካለ ግን አባዬን ይጠይቅ።) ያቃጠለን ዋጋው ነው። ፍራንካቸው 1 ዶላር በ177 ተብሎ ከ50 ዓመት በላይ ሳይነቃነቅ የቆየ ነው፣ እኛ ደግሞ ብራችንን ይዘን ነው የሄድነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ውሃ እንኳን ስንገዛ በስልክ ካልኩሌተር ነበር። ያላሳቀቀን ነገር የየመን ዓሳ ሚሉት ብቻ ነው። ዓሳውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይገልጡትና በርበሬ ቀብተው የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ውስጥ ይከቱታል፣ ጠርዙ ጥቁር ብሎ ይወጣል፣ ከትሪው ሚሰፋ ቂጣ ጋ በእጅ ነው ሚበላው። አማርኛ ደግሞ በየቦታው አለ፣ ያዘዝነው በአማርኛ ነው። ቀን 7 ሰዓት ገደማ ጫቱ ከኛ ሀገር ሲገባ ከተማው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ከዛ ጸጥ። ከሱቅ ምትገዙት ነገር ካለ በጠዋት ጨርሱ።

በነጋታው አሳል ሐይቅ ሄድን። ከከተማ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ እና አባዬ ከሚሄድበት መንገድ ላይ ነው ተገንጥሎ ሚገባው። መንገዱ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፣ ከላይ ሆነህ የጉቤትን ባህር ታያለህ፣ ከዛ ትወርዳለህ፣ ትወርዳለህ፣ ጆሮህ ይደፈናል፣ ከባህር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ፣ ከኛ ዳሎል እንኳን ይብሳል። ሹፌራችን እንደነገረን የጉቤት ባህር ውሃ በመሬት ስንጥቅ ሾልኮ ነው ሐይቁ ውስጥ ሚገባው፣ መውጫ የለውም፣ ጸሀይዋ ውሃውን ትወስድና ጨዉን ትተዋለች። ዳሩ ከሩቅ በረዶ ይመስላል። እኔ ሞኟ በነጠላ ጫማ ገብቼ ጨዉ እንደ ብርጭቆ ተረከዜን ቆረጠኝ፣ በዛ ቁስል ላይ ከሙት ባህር የባሰ ጨው ያለው ውሃ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም፣ ጓደኞቼ ግን እስካሁን ጩኸቴን እያስመሰሉ ይስቃሉ።

ዳር ላይ የአፋር ልጆች ጨው ዘርግተው ይሸጣሉ፣ ግን ክብ ጨው ነው! ውሃው እያንከባለለ ያድበለበለው፣ አንዳንዱ እንደ ሽምብራ አንዳንዱ እንደ ብይ፣ ነጭ፣ እጅ ላይ ሲይዙት ሚቀዘቅዝ። ድሮ ከዚሁ ሐይቅ ጨው በግመል ተጭኖ ወደኛ ሀገር ይወጣ ነበር። አንድ ላስቲክ ለአባዬ ገዛሁ።

አርታ ጋ ባህር ውስጥ ዌል ሻርክ ሚባለውን ግዙፍ ዓሳ ማየትም አለ፣ ከህዳር እስከ ጥር አካባቢ ነው ሚመጡት፣ ዋና ስለማልችል በላይፍ ጃኬት ተንሳፍፌ ፊቴን ብቻ ውሃ ውስጥ ከትቼ አየሁት፣ ነጠብጣብ ያለበት ሚኒባስ ከስሬ ቀስ ብሎ አለፈ በቃ። ሰው አይበላም፣ ምግቡ ጥቃቅን የባህር ነፍሳት ናቸው። ይህን እያወቅኩም የጀልባውን ገመድ አለቀቅኩም። ታጁራና የዳይ ጫካ አልደረስንም፣ ብር አለቀ።

የመጨረሻው ቀን ግን አቤ ሐይቅ ነበር፣ እና እውነት ለመናገር ይሄን ሁሉ ምጽፈው ስለሱ ነው። ከዲኪል ተገንጥለህ አስ ኤላን አልፈህ ትገባለህ። አዳር እዛው ነው፣ የአፋር የሰሌን ጎጆ ውስጥ፣ ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሱን። ሜዳው ላይ የኖራ ምሰሶ ቆሟል፣ አንድ ሁለት አይደለም፣ ብዙ ነው፣ ረጅሙ 50 ሜትር ይደርሳል፣ ከአንዳንዱ ጫፍ እንፋሎት ይወጣል፣ ከስሩ ሚፈላ ውሃ አለ። ድሮ ሐይቁ ትልቅ እያለ ውሃ ውስጥ ነው የተሰሩት፣ ውሃው ሲሸሽ ሜዳ ላይ ቀሩ። ፍየሎች በመሀላቸው ይሄዳሉ። ሹፌራችን በእጁ ወደ ሐይቁ እያሳየ «እህቴ፣ ይሄ እኮ የናንተ አዋሽ ነው፣ እዚህ ነው ሚያልቀው» አለኝ።

እኔ አዳማ ነው ያደኩት። ትምህርት ቤት አዋሽ ባህር አይደርስም ብለውናል፣ ፈተና ላይም መጥቶ መልሼዋለሁ፣ ግን የት ነው ሚቀረው ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። የወንጂ አገዳ፣ የመተሀራ አገዳ፣ ታች ያለው እርሻ ሁሉ ጠጥቶት ጠጥቶት የተረፈችው እዚህ ትመጣለች፣ ሐይቁም ለዛ ነው እየሸሸ ያለው። ጭቃው ሰልፈር ሰልፈር ይሸታል። ከሩቅ ፍላሚንጎዎች ሮዝ መስመር ሰርተው ቆመዋል። ብዙ ቆየሁ፣ ጓደኞቼ ፎቶ ተነስተው ጨርሰው መኪና ውስጥ ሲጠብቁኝ ነበር።

ቤት ስገባ ጨዉን ለአባዬ ሰጠሁት፣ አንዷን አፉ ውስጥ ጣል አድርጎ «ጨው ነው» አለ። ፎቶዎቹን ግን አንድ በአንድ አየ፣ መነጽሩን አድርጎ። አዋሽ እዛ እንደሚያልቅ ስነግረው ቀና አለ።

«ራዲያተር ስሞላበት የኖርኩት ውሃ?»

«አዎ አባዬ። ዲኪል ሻይ ትጠጣ የለ፣ ከዛ በግራ በኩል ነበር።»

ስልኩን ወስዶ ምሰሶዎቹን እንደገና አየ፣ በጣቱ አጉልቶ፣ ከዛ ደግሞ መኪናችን የቆመበትን ፎቶ ፈልጎ ጎማውን አጎላና «ከዲኪል በኋላ ኮረኮንች ነው አይደል?» አለኝ።