የድሬ ልጅ በእንጦጦ ክረምት

በነሐሴ አዲስ አበባ ልሂድ ስል «ጤና የለሽም?» ያላለኝ ሰው የለም። ድሬዳዋ ላይ ክረምት ማለት አንድ ዶፍ ጥሎ የሚያልፍ፣ ማታውን በቀጭን ልብስ በረንዳ ላይ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። የአዲስ አበባው ሌላ ነው። ጠዋት ይጀምራል፣ ቀን ይቀጥላል፣ ማታ ይበረታል። እኔ ግን የዓመት ፈቃድ ያገኘሁት ያኔ ነው። ደግሞ ቡሄን ከከተማው ዳር፣ ከተራራው ሥር ሆኜ ማየት ፈልጌ ነበር። መሀሉን ከዚህ በፊት በደንብ ዞሬዋለሁ። ፎቁና አስፋልቱ አያመልጠኝም።

የመንገዱን ነገር አልተርክም፤ ከአዋሽ ወዲህ ተኝቼ ነው የመጣሁት።

ያረፍኩት አያት ሰፈር፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ጠዋት ተነስቼ ጫማዬን ሳስር እሷ ከብርድ ልብስ ውስጥ አንገቷን ብቻ አውጥታ አየችኝ። «የት ነው?» «ዋሻ ሚካኤል።» «በዚህ ዝናብ?» ብላ ተመልሳ ተሸፈነች። የአዲስ አበባ ሰው ከተማውን የሚያየው እንግዳ ሲመጣበት ነው ይባላል። የኔዋ እንግዳ መጥታባትም አላየችውም።

ዋሻ ሚካኤል የካ ተራራ ላይ ነው። ከእንግሊዝ ኤምባሲ አለፍ ብሎ ዳገቱን መያያዝ ነው። በበጋ ቢሆን ጥሩ የእግር ጉዞ ይወጣው ነበር። በነሐሴ ግን መንገዱ ጭቃ ሳይሆን ሊጥ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች። በጎቹን ይዞ ከፊቴ የሚወጣ ልጅ ዞር ብሎ አየኝና ምንም ሳይናገር በትሩን አቀበለኝ። እሱ በባዶ እጁ፣ በፕላስቲክ ጫማ፣ እየሮጠ ይወጣል። እኔ በበትር፣ ውድ በሆነ የስፖርት ጫማ፣ እያለከለክሁ እከተለዋለሁ።

ቦታው ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ላሊበላን ያላየ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ እዚህ ከተማ ጥግ እንዲህ ያለ ነገር አለ ብሎ አያስብም። ትውፊቱ ዕድሜውን ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል። አጥኚዎች ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ይሰጡታል። ለኔ ዕድሜው ሳይሆን ጣሪያው ነው የገረመኝ። የለም። ሰማዩ ነው ጣሪያው። እና ነሐሴ ነው። ዝናቡ ገብቶ ገብቶ ውስጡን ኩሬ አድርጎታል። ዓምዶቹ ከውሃው ውስጥ ነው የሚነሱት፤ የመስኮቶቹ ቅርጽ ውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። እንቁራሪት ደግሞ ያለማቋረጥ ይጮሃል። አንድ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አባት አጠገቤ ቆመው «በጥር ብትመጪ ውስጡን ትረግጪው ነበር» አሉኝ። «በጥርማ ሥራ ላይ ነኝ አባቴ» አልኳቸው። ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እንዲያ ሆኖ በማየቴ ቅር አላለኝም። ደረቁን ፎቶ ሁሉም ሰው አለው።

ልጁ በትሩን ሲቀበለኝ ብር ልሰጠው ብዬ እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ። «አይ አክስቴ» ብሎኝ ሮጠ። ብሩን ስላልተቀበለኝ ወደድኩት። አክስቴ ያለኝን ግን እስካሁን አልረሳሁለትም።

ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን በሩ ድረስ ሄጄ፣ ሰማዩ ስለተቀደደ፣ ተመልሻለሁ።

በማግስቱ ነሐሴ 12 ነበር፤ የቡሄ ዋዜማ። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ወጣሁ። ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣ መኪና ስፈልግ አንድ የላዳ ሾፌር ሻንጣዬን አይቶ ነው መሰለኝ እየሳቀ መጣ። «ኮንትራት፣ 700 ብር።» ለምን ስለው ምክንያቱን ደረደረልኝ፤ ዳገት ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ነዳጅ ጨምሯል። ሌላ የሚወጣ መኪና እንደሌለም ምሎ ነገረኝ። አቦ፣ በ700 ብር እኮ ድሬ ላይ ባጃጁን ከነሾፌሩ ግማሽ ቀን ይዤው ከዚራን እዞርበታለሁ! ዝናቡ ግን ለክርክር ጊዜ አልሰጠኝም። ግማሽ መንገድ ላይ ሰው የጫነ ሚኒባስ ቀድሞን ወጣ። ሾፌሬ አላየሁትም ብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። ስመለስ በዚያው መንገድ 20 ብር ከፍዬ ወርጃለሁ።

እንጦጦ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። የኛ ድሬ 1,200 ላይ ናት። የ2,000 ሜትር ልዩነቱን በጆሮዬና በጣቶቼ አወቅሁት። ጭጋጉ መንገዱን አቋርጦ ያልፋል፤ ባሕር ዛፎቹ አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ።

ማርያም ግቢ ስደርስ የፍልሰታ ቅዳሴ ነበር። በፍልሰታ ቅዳሴው ቀን ላይ ስለሆነ ግቢው ነጠላ በነጠላ ነው። በዚያ ብርድ፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ ሕፃን አዝለው የቆሙ እናቶች አሉ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚሁ፣ በጥቅምት 1882 ነው። ሙዚየሙ ውስጥ የእሳቸውና የእቴጌ ጣይቱ አልባሳትና ዕቃዎች አሉ። ቤተ መንግሥቱም እዚያው አጠገብ ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል ትልቅ ነገር የጠበቀ ሰው ይደነግጣል፤ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በኖራ የተለሰነ ቤት ነው። ዝቅ ያለ፣ ጭር ያለ፣ ያለ ቀልድ ቤት። እኔ ወድጄዋለሁ። አንድ ንጉሥ ሰፊ አገር እየገዛ እንዲህ ባለ ቤት ማደሩ ከብዙ እብነ በረድ ይልቅ ይናገራል።

ግን ብርዱ! ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው፣ ሙቅ ውሃውን አይተው፣ እዚያ ቤት ይሠራልኝ ማለታቸውን ትምህርት ቤት ተምረነዋል። አዲስ አበባ በ1879 እንዲያ ተጀመረች። ያኔ ለፈተና ነበር የሸመደድኩት። አሁን በደንብ ገባኝ። እኔም ብሆን አንድ ክረምት አላድርም ነበር። ማገዶውም ቢሆን አልቆ ነበር፤ አገር በቀሉ ዛፍ ተመናምኖ ነው በኋላ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው። ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ያ ነው።

ፓርኩን በአጭሩ ልለፈው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ተከፍቶ ብዙ ተወርቶለታል። መንገዱ ንጹሕ ነው፣ ካፌው ቆንጆ ነው፣ ለፎቶ የመጡ ሙሽሮች ጭጋግ ውስጥ ቬሎ ይዘው ይሮጣሉ። የማኪያቶውን ዋጋ ሳየው ግን ጾም ነው ብዬ አመሰገንኩ።

ከፓርኩ ውጪ፣ መንገዱ ዳር፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፤ አስፋልቱን ከጎን ወደ ጎን ይጠርገዋል። ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት። የሚያዩት የራሳቸውን እግር ብቻ ነው። መኪና ጥሩንባ ሲነፋባቸው ቀና የሚሉበት መንገድ የለም። ከዚያ ሁሉ ማስዋብ በኋላም ይኸ አልቀረም።

ሲመሽ ከሽሮ ሜዳ በላይ ካሉት ሰፈሮች ወደ አንዱ ገባሁ። ዝናቡ ለአንድ ሰዓት ያህል ፋታ ሰጠ። ሕፃናቱ ከየት እንደወጡ እንጃ፣ በአንዴ ሰፈሩን ሞሉት። ትልቁ ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከበር በር ይዞራሉ። አንዱ አውጪ ነው፣ ሌሎቹ ተቀባይ። የተዘጋ በር ፊት ሲሆኑ ድምፃቸውን ይጨምራሉ። ወደኔ ሲደርሱ ዝርዝር የለኝም አልኳቸው። አለቃቸው ቅንጣት ሳያፍር «ቴሌብር አለን» አለኝ። የወንድሙን ቁጥር በቃሉ ነገረኝ። ላክሁ። ምርቃቱን አዥጎደጎዱት።

ጅራፉን ድሬም አውቀዋለሁ፤ እንዲህ አድርጎ ሲጮህ ግን ሰምቼ አላውቅም። ተራራው ነው የሚያስተጋባው። አንዱ ልጅ የተገመደውን ጅራፍ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አወጣው። እርጥብ ካልሆነ አይጮህም አለኝ። ጫፉ ላይ ቀጭን ሲባጎ አለው። ከራሱ በላይ ሁለት ጊዜ ያዞረዋል፣ ከዚያ በድንገት ወደ ኋላ ይቀለብሰዋል። ጧ! ከላይ ካለው ጫካ ሌላ ጧ ይመለሳል። በደብረ ታቦር የተሰማው ነጎድጓድና የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፤ ችቦው ደግሞ የብርሃኑ። ሞክሪ ተብዬ ሞከርኩ። ጅራፉ ዞሮ የገዛ ጃኬቴን ገረፈው። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ።

ችቦው ግን እርጥብ ነበር፤ እምቢ አለ። ጭስ ብቻ። ሰው ሁሉ የየራሱን ምክር ይሰጣል። በመጨረሻ አንዲት እናት ከቤታቸው ደረቅ ጭራሮ በሻሽ ጠቅልለው አመጡ። ያን ጊዜ ተያያዘ። ሴትየዋ ዞር ሲሉ እግሬን አዩት።

«ልጄ፣ ጫማሽ ውሃ ቋጥሯል። ግቢ።»

«ግድ የለም እማማ፣ እሄዳለሁ።»

«ግቢ ብያለሁ።»

ገባሁ። ጫማዬን ከሰሉ አጠገብ ዘቅዝቀው አስቀመጡት። የሱፍ ካልሲያቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ሰፌዱን ከፈት አድርገው ሙልሙል አወጡ። ትኩስ ነው፤ ከሥሩ ጠቆር ብሎ ሸክሸክ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ የጭስ ሽታ ያለው። ያለ ምንም በላሁት። ሁለተኛ ጨመሩልኝ። ከድሬ መሆኔን ስነግራቸው «ውይ፣ ያን ሙቀት እንዴት ትችይዋለሽ?» ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ። እኔ እዚያው እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከዚሁ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅመው እየሸጡ ነው። «አሁን ወገቤ እሺ አይልም እንጂ ጫካው ያው ነው» አሉ። ካልሲውን ልመልስ ስል አልተቀበሉኝም። «ለብርዱ» አሉኝ።

ማደሪያዬ ዋናው መንገድ ላይ ያለ ፔንሲዮን ነበር። 900 ብር። ሙቅ ውሃ አለ ተብዬ ነው የከፈልኩት። ቧንቧውን ስከፍት አየር ብቻ ወጣ። እንግዳ ተቀባዩ «ጠዋት ይመጣል» አለ። ብርድ ልብሱ እንዳልደረቀ ልብስ ይቀዘቅዛል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲመለስ የከበሮ ቡድን የገባ መሰለኝ። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ አንድ ሰውዬ በስፒከር መሬት ይሸጣል። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ተከራከረ። ካሬውን በስንት እንደተስማሙ ከባለቤቱ እኩል አውቃለሁ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ያለው ሰው እዚህ አላደረም። ወደ ንጋት ላይ ከእንጦጦ በኩል ጅብ ጮኸ። እሱ እንኳን አላስጨነቀኝም። ሐረር ላይ ጅብ ሥጋ ሲጎርስ አይቼ ነው ያደግሁት፤ የመሬት ደላላ ግን አልለመድኩም።

ጠዋት ሙቅ ውሃው አልመጣም።

ሽሮ ሜዳ ስወርድ መንገድ ዳር በቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ከነምድጃቸው ተደርድረው ነበር። ክረምት ላይ አዲስ አበባን የምወድላት ነገር ቢኖር ይኸ ነው። አንዱን ገዝቼ እየጋጥኩ ሸማ ተራውን ዞርኩት። የጥበብ ቀሚሱን አልፌ ቀጥታ ጋቢ ወዳለበት ሄድኩ። ሻጩ 3,500 አለ። እኔ 2,000 አልኩ። ከየት ነሽ አለኝ፣ ከድሬ አልኩት።

«ድሬ ላይ ጋቢ ምን ያደርግልሻል?»

«ለድሬ አይደለም፤ ለዛሬ ነው።»

2,600 ላይ ተጨባበጥን። እዚያው ተከናነብኩትና ወደ ታክሲ ተራ ሄድኩ። ሚኒባሱ ሞልቷል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ውስጥ ጮኸ፤ «ባለጋቢዋ፣ ጠጋ በይ! አንድ ሰው ይገባል!» ጋቢዬን ሰብስቤ ተጠጋሁ። የገቡት ሁለት ነበሩ።