ከተመላሹ ላይ የምትቀነስ ሁለት ዶላር

ሰሞኑን በነጻ ታክስ በሚሞላበት ማዕከል የወገኖቼን ፎርም ሳዘጋጅ፣ አብዛኛው ሰው ሳያነበው የሚያልፈው አንድ መስመር ሐሳቤን ይዞት ሰንብቷል። የምንኖርባት የአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት የገቢ ግብር ፎርም፣ ግብር ከፋዩ ከተመላሽ ገንዘቡ፣ ማለትም በዓመቱ ውስጥ በትርፍ ተቆርጦበት ከሚመለስለት ግብር፣ ላይ ቀንሶ በፈቃዱ እንዲለግስ የሚጋብዙ መስመሮች አሉት። ለሕፃናት፣ ለቀድሞ ወታደሮችና ለብሔራዊ ዘብ ከተከፈቱት ፈንዶች ጎን፣ ቤት ድረስ ለሚወሰድ የአረጋውያን ምግብ የሚውል ፈንድም ተዘርዝሯል። ትንሹ ስጦታ ለአንድ ሰው 2 ዶላር፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት ደግሞ 4 ዶላር ነው።

መስመሩ የሚታለፈው በክፋት አይደለም። ወረፋው ረጅም ነው፤ የኮምፒዩተሩም ፕሮግራም ጥያቄውን ለአፍታ አሳይቶ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ነገሩ ራሱ እንግዳ ነው፤ እዚያ የደመወዝተኛው ግብር በየወሩ ተቆርጦ ስለሚቀር፣ በዓመቱ መጨረሻ ተመላሽ የሚጠብቅ የለም። ሲነገራቸውም ብዙዎቹ በፌዴራሉ ፎርም ላይ ምልክት በማድረግ ለፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዘመቻ ፈንድ ከሚመደበው 3 ዶላር ጋር ያምታቱታል። ያኛው ከመንግሥት ካዝና ወደ ምርጫው ፈንድ የሚዛወር ስለሆነ የማንንም ግብር አይጨምርም፣ ተመላሽም አይቀንስም። ይህኛው ግን ከሰውየው ከራሱ ገንዘብ የሚወጣ ስለሆነ፣ ማንም በቅጡ ሳይነገረው ሊፈርምበት አይገባም ባይ ነኝ።

ምግቡ የሚታደልበት ሥርዓት መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የአሜሪካ አረጋውያን ሕግ ሲሆን፣ የምግብ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ተጨምሮበታል። ዕድሜያቸው 60 የሞላ ሰዎች የሚስተናገዱ ሲሆን፣ ቤት ድረስ የሚሄደው ምግብ በተለይ ከቤት መውጣት ለማይችሉት ነው። ተቀባዩ የአቅሙን እንዲያዋጣ ቢጠየቅም፣ ባለመክፈሉ ምግቡን የሚከለክለው የለም። ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ፤ ድሃውን እጁን ዘርግቶ ከመለመን ያድነዋልና። ምግቡን የሚያደርሰው ሰው ደግሞ አንዳንድ ቀን ለብቻቸው የሚኖሩትን አዛውንት በር የሚያንኳኳ ብቸኛው ሰው ነው፤ ካልተከፈተለትም የሚደውልበት ስልክ አለው።

ከዚህ ምግብ ተጠቃሚ የሆኑ አንዲት እናት በቀደም ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ሳይነካ የተቀመጠውን ትሪ አሳዩኝ። በስስ ላስቲክ የታሸገ፣ ሦስት ቦታ የተከፈለ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ በአንዱ ክፍል ዶሮ፣ በሌላው የተፈጨ ድንች፣ በሦስተኛው ፎሶሊያ አለ። ከጎኑ ትንሽ ካርቶን ወተትና አንድ ብርቱካን ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ወተቱን ለጎረቤቴ እሰጣታለሁ፤ ድንቹ ግን ቅቤ የነካው ይመስለኛል፣ ምን ላድርገው?» አሉኝ። የግብር ማስገቢያው ጊዜ እስከ ሚያዝያው ቀነ ገደብ ድረስ ከዐቢይ ጾም ጋር እየተደራረበ ስለሚሄድ፣ እኛ ስለ ተመላሽ ገንዘብ ስንነጋገር እሳቸው በብርቱካን ይውላሉ። ሕጉ የተረጂው የጤና፣ የሃይማኖትና የባህል አመጋገብ በተቻለ መጠን እንዲጠበቅ ያዛል። ሆኖም ለጥቂት ጿሚዎች ምስር ወጥ በሌላ ድስት መሥራት ተጨማሪ ጉልበትና ወጪ ይጠይቃል፤ በጀቱ የጠበበ ወጥ ቤት «በተቻለ መጠን» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚተረጉመው መገመት አያስቸግርም።

እርግጥ ሁለት ዶላር የመንግሥትን በጀት አይተካም፤ ባለሥልጣናትም «ሕዝቡ በፈቃዱ ይሰጣል» ብለው ድርሻቸውን እንዲቀንሱ ሰበብ ሊሆናቸው አይገባም። ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ግን ለማን እንደምናገር ነው። ተመላሿን ለተጠራቀመ የቤት ኪራይ የምትጠብቅ፣ ከዚያም ላይ ለአገር ቤት ቤተሰቦቿ የምትልክ የልጆች እናት ፊቴ ስትቀመጥ፣ መስመሩ ምን እንደሚል ነግሬ ዝም እላለሁ፤ ሁለተኛ አልጠይቅም። ሁለት ደመወዝ የሚያስገባው ቤተሰብ ሲመጣ ግን ትንሽ አስረዳለሁ። አንዱ «ይህ ከታክስ ይቀነስልኛል ወይ?» ብሎኝ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2025 በነበረው ሕግ መልሱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወጪዎቹን ዘርዝሮ የሚያስገባ ከሆነ አዎ ነበር፤ እንደ አብዛኞቻችን ወጪ ሳይዘረዝር የሚፈቀደውን መደበኛ ተቀናሽ ከወሰደ ግን በዚህ በኩል የሚያገኘው ጥቅም አልነበረም። ይህን ስነግረው ስቆ «እንግዲያው ለጽድቅ ነዋ!» አለና አሥር ዶላር አስጻፈ።

እኛ ሰው ሲሞት ለማዋጣት የማንዘገይ ሕዝብ ነን፤ ዕድሩ ገንዘቡን የሚያሰባስበው በሰዓታት ውስጥ ነው። በሕይወት ላሉ አዛውንት፣ ያውም ለማናውቃቸው፣ በፎርም በኩል መስጠት ግን ገና አልለመደብንም። ስለዚህ መስመሩን በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ አጭር አንቀጽ ጽፌ፣ ሰዎች ወረፋ ሲጠብቁ እንዲያነቡት ከመመዝገቢያው ወረቀት ጋር እንዲታደል ለማዕከሉ አስተባባሪ አቅርቤአለሁ። ምግቡን ለሚያስተባብረው የአካባቢው የአረጋውያን ጽሕፈት ቤት ደግሞ የጾሙን ወራት ዘርዝሬ፣ ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ ሊሠሩ የሚችሉትን ምግቦች ከነአሠራራቸው ጽፌ ልልክ ነው።