ስድስት ኪሎ ላይ ያገኘኋቸው ስደተኞች

ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ስለገባሁ ስለ መንገዱ የምለው የለኝም። ስለ ሌሊቱ ግን ዝም አልልም፤ አራዳ ጊዮርጊስ አቅራቢያ ያደርኩበት ፔንሲዮን መስኮቱ ወደ ግንባታ ቦታ የሚከፈት በመሆኑ የብረትና የከባድ መኪና ድምፅ ስሰማ አነጋሁ። ጠዋት አንድ የላዳ ሹፌር እስከ ስድስት ኪሎ ለማድረስ 700 ብር ጠየቀኝ። በዚህ ገንዘብ ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ግማሽ ቀን ያዞረኛል ብዬ ብከራከረው፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ባጃጁን ይዘውት አይመጡም ነበር?» ብሎ ስላሳቀኝ 400 ከፍዬ ሄድኩ።

የመጣሁት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውን፣ በሰዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለማየት ነው። ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ካስተማረ በኋላ በደርግ ዘመን ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን የነበሩ ሥዕሎቹ ያለ እሱ ወደ ሀገር ተመልሰዋል። ብዙ ሰው ስደቱን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራዎቹ ውስጥ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ከመሰደዱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሣለው «ጎልጎታ» ላይ አስቀድሞ ያለ ይመስለኛል። እዚያ የተሰቀለው አካል በቀይ ቀለም ውስጥ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ማረፊያ የሚሆነው መሬትም አይታይም።

አንዱ ሸራ ፊት ቆሜ ሳለ ንድፍ ይሠራ የነበረ አንድ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ሆነው ይዩት» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ከጎን ሲታይ ቀለሙ እንደ ጠባሳ ተቆልሎ ይታያል። ልጁ ሥራውን ትቶ ከአንድ ሰዓት በላይ አብሮኝ ቆየ፤ ቡናውንም እሱ ካልከፈልኩ ብሎ ታገለኝ።

ቡናው ላይ ያወራነው ስለ ሌላው ከሀገሩ የራቀ ሰዓሊ፣ ስለ እስክንድር ቦጎሲያን ነበር። እስክንድር እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2001 ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ በሸራ ብቻ ሳይወሰን በዛፍ ልጥና በፍየል ቆዳ ላይም ይሠራ ነበር። ብራና ሲፋቅ እያየሁ ስላደግሁ ይህ ምርጫ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ ቆዳው ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ፀጉሩ ተፍቆ እስኪሳሳ ድረስ ብዙ ድካም ይጠይቃል፤ ከዚያም በኋላ እርጥበት ባገኘው ቁጥር የእንስሳነቱን ጠባይ እያስታወሰ ይኮማተራል። ሸራ በየትኛውም ከተማ ይገዛል። ስለዚህ ከሀገሩ የራቀ ሰዓሊ በቆዳ ላይ ሲሠራ ትዝታውን ብቻ ሳይሆን የአባቶቹን የእጅ ሥራ ጭምር ይዞ እንደተሰደደ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ተማሪው በዚህ አልተስማማም። እሱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ቤታቸው ከፈረሰባቸው ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነው፤ አሁን ከከተማዋ ዳር ወደ ትምህርት ቤት በሁለት ታክሲ ይመላለሳል። ለመመረቂያው የሚሠራው ከጣሪያቸው ላይ ባስቀረው የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ እናቱን በቆርቆሮው ላይ አስተኝቶ የሰውነታቸውን ዙሪያ በኖራ አስምሮ በመቀስ ሊቆርጠው ያስባል። «ስደት የግድ ድንበር መሻገር የለበትም፤ ደግሞም የተጎዳው ሰው ነው እንጂ ቆርቆሮው አይደለም» አለኝ።

ዝገቱና የምስማሩ ቀዳዳ ብቻቸውን በቂ ናቸው፣ የእናትህ ቅርጽ ሲጨመርበት ሥራው ራሱን ማብራራት ይጀምራል አልኩት። እሱም እናቱ በሥራው ውስጥ ካልታዩ ቆርቆሮው ከቁራሌው ቆርቆሮ በምን እንደሚለይ መልሶ ጠየቀኝ። የምመልሰው አላጣሁም፤ የሱም ጥያቄ ግን ቀላል አልነበረም፤ እየተከራከርን እስከ አምስት ኪሎ በእግራችን ወረድን።