«አውሮፕላኑ ወጥቷል አይደል?»

ባለፈው ዓመት ነው። በምሠራበት ድርጅት የሕግ ክፍል አንድ በሊዝ የያዝነው አውሮፕላን ውሉ አልቆ ወደ ባለቤቱ ሊመለስ ነበር። ባለቤቱ የአየርላንድ ኩባንያ ነው። አውሮፕላኑ ግን የተመዘገበው እዚህ ስለሆነ ጅራቱ ጋ ኢቲ የሚሉት ፊደሎች አሉበት። የዚያኛው አገር መዝገብ ላይ እንዲገባ መጀመሪያ ከእኛ መዝገብ መሰረዝ አለበት፤ በ1944 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ስምምነት አንድ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ሁለት አገር መመዝገብ አይችልም።

ባለቤቱ ቶሎ በሉ እያለ ያጣድፈን ነበር። አልፈርድበትም። ህንድ ውስጥ ጎ ፈርስት የተባለው አየር መንገድ በ2023 እ.ኤ.አ. ኪሳራ ውስጥ ሲገባ አከራዮቹ ከ50 በላይ አውሮፕላኖቻቸውን ከመዝገብ ለማሰረዝ አንድ ዓመት ገደማ ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማስቀረት ነው የኬፕታውን ስምምነት የተባለው የአገሮች ውል እኛ ቢሮ ውስጥ «አይዴራ» የምንለውን፣ ባለቤቱ አውሮፕላኑን አሰርዞ እንዲወስድ ሥልጣን የሚሰጠውን ሰነድ ያመጣው። ተከራዩ ገና ከመነሻው ይፈርመዋል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ አሰርዤ ልውሰድ ሲል ተከራዩ ብቻውን ተነስቶ ሊሽረው አይችልም። የስምምነቱን የአውሮፕላን ፕሮቶኮል አጽድቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ እንዲውል ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ ስምንት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይሄን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አይዴራው አለ፣ ደብዳቤው አለ፣ ዕዳ የለም። ስረዛ ሲጠየቅ ዋናው የምዝገባ ሰርተፊኬት ተመላሽ ስለሚደረግ ከአውሮፕላኑ የሰነድ ፎልደር ራሴ አውጥቼ ሐሙስ ዕለት ወደ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይዤው ሄድኩ። የተቀበሉኝ ጋሼ ረጋ ያሉ፣ ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «አውሮፕላኑ ወጥቷል አይደል?» አሉኝ። «አዎ ወጥቷል» አልኳቸው። እኔ የሰማሁት ከሥራ ወጥቷል ወይ ብለው ነው። እሳቸው የጠየቁኝ ከአገር ወጥቷል ወይ ብለው ነበር።

ስረዛው አርብ ከሰዓት ጸደቀ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ስልኬ ጮኸ። ካፒቴኑ ናቸው። ነዳጅ ተሞልቷል፣ የበረራ ፈቃዱ አለ፣ ፎልደሩን ሲከፍቱ ግን ሰርተፊኬቱ የነበረበት ፕላስቲክ ባዶ ነው። «የኔ እህት፣ ይሄ ወረቀት የታለ?» አሉኝ። ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው መብረር አልችልም» አሉ። ልክ ናቸው። ድንበር የሚያቋርጥ አውሮፕላን የምዝገባ ሰርተፊኬቱን ይዞ ነው የሚበረው፤ የብቃት ሰርተፊኬቱም የሚጸናው የተመዘገበበት አገር ስላለው ነው። የእኛው አውሮፕላን ኢቲ ተጽፎበት፣ ቦሌ ቆሞ፣ የየትም አገር አልነበረም።

ዘጠኝ ቀን ቆመ። የስረዛው ማረጋገጫ ከእኛ ባለሥልጣን በቀጥታ ወደ አየርላንድ ተላከ፣ እዚያ ተመዘገበ፣ የበረራ ፈቃድ ወጣለት። ቴክኒሻኖቹ የድሮውን ምልክት በስቲከር ሸፍነው አዲሱን ለጠፉ፤ አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ፣ የትራንስፖንደሩም ኮድ ከመዝገቡ ጋር ስለሚሄድ እሱም ተቀየረ። ያን ሁሉ ቀን ያ ሁሉ ሰው የለፋው እኔ አንዲት ቃል መልሼ ስላልጠየቅኩ ነው። ሰኞ ጠዋት ሄጄ ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እኔም ከየት ማለት ነበረብኝ» አሉኝ።

አሁን ደብዳቤያችን ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፤ ስረዛው የሚጸናው አውሮፕላኑ መድረሻው ላይ ማረፉ በጽሑፍ ሲረጋገጥ ነው ይላል። ባለፈው ወር ሌላ አውሮፕላን ስንመልስ ሰርተፊኬቱ ፎልደሩ ውስጥ እንዳለ በረረ። ማታ ካፒቴኑ «አረፍን» ብለው ጻፉልኝ። ያንን መልእክት አትሜ ከማመልከቻው ጋር አያያዝኩትና ጠዋት ጋሼ ጋ ይዤ ገባሁ።