የቆየች የእንጨት ሞተር ጀልባ እድሳት፦ ከውኃ በታች ያሉት ሳንቃዎች

ዓሣ ስታሰግር የኖረች ጀልባ የት የት እንደበሰበሰች ለመገመት የሥራ ዘመኗን ማሰብ ነው። የባሕር ጀልባን የሚያበሰብሳት ጨዋማው ውኃ ሳይሆን ጨው የሌለው ነው፤ ከላይኛው ወለል የሚሰርግ ዝናብና በዓሣ ማከማቻው ውስጥ የሚቀልጥ በረዶ። ስለዚህ ፍተሻውን ከማከማቻው ጎኖችና አየር ከማያገኙ ማዕዘኖች ጀምሩ። ወስፌ ሳይታገል ከገባ ያ እንጨት አልቋል። ቀለሙን አትመኑ። ከኦክ (ጠንካራ የዛፍ ዓይነት) ሳንቃ ላይ አንድ ሁለት የብረት ምስማር ነቅላችሁም እዩ፤ የኦክ አሲድ ብረቱን ስለሚበላው አናቱ ደህና ሆኖ መሀሉ የመርፌ ያህል ቀጥኖ ይገኛል።

ሳንቃዎቹን በአንዴ አትንቀሉ፣ ጀልባዋ ቅርጿን ትለቃለች። አንዱን አውጥቶ አዲሱን መግጠም፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ጎን መሻገር ይሻላል። የሁለት ጎረቤት ሳንቃዎች መቀጠያ (ሳንቃ ከሳንቃ ጫፍ ለጫፍ የሚገናኝበት) ቢያንስ የ3 ጎድን፣ ማለትም ሳንቃው የሚመታበት የውስጥ አጥንት እንጨት፣ ርቀት ይኑረው። ለሚታጠፈው ሳንቃ እንፋሎት፣ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት 1 ሰዓት ያህል። በምድጃ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል፤ እርጥበት ያለው ይሻላል። ሞርሳዎቹ ቀድመው ይዘጋጁ፣ ሳንቃው ከእንፋሎት ሳጥኑ ከወጣ በኋላ ጊዜ የለም።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ግን ውኃ እንዳያስገባ በሳንቃዎቹ መሀል ያለውን መጋጠሚያ በጥጥ ሲጠቀጥቅ ነው። ክፍተቱ ከውስጥ የተነካካ፣ ወደ ውጭ የሚሰፋ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጥጡ አልፎ ወደ ውስጥ ይወድቃል። መጀመሪያ ጥጥ፣ በወፍራም ሳንቃ ላይ ደግሞ ሬንጅ የነካው ቃጫ፣ በመጨረሻ ስቱኮ። ጥጡ ከመግባቱ በፊት ጠርዙ ቀለም ካልተቀባ፣ ደረቁ እንጨት የስቱኮውን ዘይት ይመጥና ስቱኮው ይረግፋል። የብስ ላይ የከረመች ጀልባ ሳንቃዎቿ ስለሚኮማተሩ ክፍተቱ ያስፈራል፤ ያኔ በጉልበት መሙላት ያሰኛል። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግን መሄጃ ያጣና ምስማሩን ይበጥሳል ወይም ጎድኑን ይሰብራል። በልክ ጠቅጥቆ፣ ውኃ ላይ ስትወርድ በክሬኑ ማንጠልጠያ ላይ እንዳለች ቢያንስ አንድ ሌሊት ፓምፕ አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውኃ ታስገባለች፣ አትደንግጡ፤ እየቀነሰ ካልሄደ ግን መልሳችሁ አውጧት።

ሻፍቱን (ከሞተሩ ወደ ውልብልቢቱ የሚሄደውን ዘንግ) የብስ ላይ ለጊዜው ብቻ አስተካክሉ። ውኃ ላይ ጥቂት ቀን ቆይታ ቅርጿ ሲረጋ ኩፕሊንጉን (ሻፍቱን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን) ፈታችሁ በፊለር (ክፍተት በሚለካ ስስ የብረት ቅጠል) ለኩ፤ ለ100 ሚሊ ሜትር ፍላንጅ (የኩፕሊንጉ ክብ ፊት) በዙሪያው ያለው የክፍተት ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ።